የታይኖዎች ድንጋይ ብቻውን አይነበብም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ ካሪቢያን ደሴቶች ጥንታዊ ሃይማኖት በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝና «ይህን ነገር ስለምትወደው አንብበው» አለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ስለ ታይኖዎች በቋንቋችን የሚጻፍ ነገር እንደ ልብ አይገኝምና። ወደ መሃሉ ስደርስ ግን ደስታዬ እየቀነሰ መጣ። ጸሐፊው ስለ ታይኖዎች የተቀረጹ ድንጋዮች ከጻፉት ብዙው ወይ ግማሹ የተቆረጠ ነው፣ ወይ ደግሞ ጨርሶ ስህተት ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንደሚሉት ታይኖዎች ድንጋይ አምላኪዎች ነበሩ። አለቆቻቸው በሚናገር ጣዖት ሕዝቡን ያታልሉ ነበር። ሥርዓታቸው በዱቄት የመስከር ድግስ ነበር። ባለ ሦስት ጫፍ ድንጋዮቻቸው ከዓባይ ሸለቆ የሄደ የፒራሚድ ጥበብ ናቸው። ትልልቆቹ የድንጋይ ቀለበቶች ደግሞ የባሪያ ቀንበር ናቸው። በመጨረሻም ሕዝቡ ጨርሶ ስለጠፋ ዛሬ ባለቤት የላቸውም። ስድስቱንም በየተራ አነሳለሁ። የምቆይበት አለ፣ ቶሎ የማልፈውም አለ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ታይኖ የሚባሉት እነማን ናቸው? ኮሎምበስ በ1492 ሲደርስ በዛሬዎቹ ሄይቲ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ጃማይካ፣ ባሃማስና በአብዛኛው የኩባ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። ካሳቫ ይተክላሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በታንኳ ከደሴት ደሴት ይመላለሳሉ። አለቃቸው ካሲኬ ይባላል። በሽተኛ የሚያክመውና ከመናፍስት ጋር የሚነጋገረው ሰው ቤሂኬ ነው። የምንከራከርባቸው ቅዱሳን ነገሮች ደግሞ ሴሚ ይባላሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። «ታይኖዎች ድንጋይ ያመልኩ ነበር፤ ከድንጋዩ በላይ የሚያስቡት ነገር አልነበረም» ይላል ጽሑፉ።

ስለ ታይኖ ሃይማኖት ከምናውቀው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የጻፈው አንድ ሰው ነው። ራሞን ፓኔ ይባላል፤ ከኮሎምበስ ሁለተኛ ጉዞ ጋር የሄደ መነኩሴ ነው። ኮሎምበስ «የእነዚህን ሰዎች እምነት አጥንተህ ጻፍልኝ» ብሎ አዘዘው። ፓኔ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሚጋሩት፣ ስፔኖች ሂስፓኒዮላ ባሉት ደሴት ላይ፣ ከሕዝቡ ጋር እየኖረ፣ ቋንቋ እየተማረ፣ እስከ 1498 ገደማ ጻፈ። የጻፈው ዋናው ቅጂ ጠፍቷል። ዛሬ የምናነበው የኮሎምበስ ልጅ ፈርናንዶ በጻፈው የአባቱ ታሪክ ውስጥ ተካቶ፣ በ1571 ቬኒስ ላይ በጣልያንኛ የታተመውን ትርጉም ነው። ፓኔ ራሱ በጥድፊያ እንደጻፈና ወረቀት እንዳነሰው፣ ቀድሞ መምጣት ያለበትን ኋላ እንዳደረገ ይናገራል። ይህን የምለው ምስክራችን ማን እንደሆነ እንድናውቅ ነው። ፓኔ ለታይኖዎች አያዳላም፤ ሴሚዎቹን የሰይጣን ነገር ነው የሚላቸው።

እንዲህ ያለው ሰው እንኳ ጽሑፉን ከድንጋይ አይጀምርም። የሚጀምረው ታይኖዎች በሰማይ ያለ፣ የማይሞት፣ ማንም ሊያየው የማይችል፣ መጀመሪያ የሌለው፣ እናት ግን ያለው አንድ አካል እንዳለ ያምናሉ ብሎ ነው። ስሙ ዩካሁ ባግዋ ማኦሮኮቲ ነው። እናቱ አምስት ስሞች አሏት፤ የመጀመሪያው አታቤይ ነው። «ማንም ሊያየው የማይችል» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ከድንጋይ በላይ አያስቡም የተባሉት ሰዎች እምነት በጠላታቸው ብዕር እንኳ የሚከፈተው በማይታይ አካል ነው።

ታዲያ ሴሚ ምንድን ነው? ቃሉ ድንጋዩን ወይም እንጨቱን ብቻ አይደለም የሚጠራው፤ በውስጡ ያለውን መንፈስና ኃይልም ይጠራል። ከእንጨት፣ ከድንጋይ፣ ከአጥንት፣ ከቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ከጥጥም ይሠራል። ጣልያን ቱሪን ውስጥ ከጥጥ የተሠራ አንድ አለ፤ በውስጡ የሰው የራስ ቅል ክፍል አለበት። ኮሎምበስ እንደጻፈው ለእያንዳንዱ ስም ይወጣለታል፤ ስሙም የአባት ወይም የአያት ስም እንደሆነ ይገምታል። ማለትም ከቤተ ዘመድ ጋር የተያያዘ ነገር ነው።

ፓኔ አንዱ ሴሚ እንዴት እንደሚገኝ የተነገረውን ጽፏል። ሰው በመንገድ ሲሄድ አንድ ዛፍ ሥሩን ሲያንቀሳቅስ ያያል። ይደነግጣል። ቆሞ «ማን ነህ?» ይለዋል። ዛፉ «ቤሂኬ ጥራልኝ፤ ማን እንደሆንኩ እሱ ይነግርሃል» ይለዋል። ቤሂኬው መጥቶ ሥርዓቱን ይፈጽማል፤ ዛፉን እየለመነ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንዳስጠራው ይጠይቀዋል። ከዚያ ዛፉ ይቆረጣል፣ ይቀረጻል፣ ቤት ይሠራለታል፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ሥርዓት ይደረግለታል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሰውየው ቁስ መርጦ አምላክ አላደረገም። የተጠራው እሱ ነው። ጥሪውን የሰማ ሰው ደግሞ ግዴታ ገባበት፤ ማብላት፣ ማስጠለል፣ መጠየቅ።

አንድ የውጭ አገር ሰው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንሳለም አይቶ «እነዚህ ሰዎች ድንጋይ ያመልካሉ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሰማናል? ሁለቱ እምነቶች አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። አንድ ሰው ድንጋይ ፊት ሲሰግድ ማየትና ለማን እንደሚሰግድ ማወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሎምበስ ራሱ በእነዚህ ሰዎች መካከል ጣዖት አምልኮ ማግኘት አልቻልኩም ብሎ ጽፏል፤ ከዚያ ቀጥሎ ስለ ሴሚዎቹ ይተርካል። እሱ እንኳ ያመነታበትን ጸሐፊው በአንድ ቃል ዘጉት።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ። ጸሐፊው በግማሽ መስመር «ሦስት ጫፍ ያላቸው ትንንሽ ጣዖታት» ብለው ያለፏቸው ናቸው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወዳቸው እነዚህን ነው። ታቹ ጠፍጣፋ ወይም ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው። ከመሃሉ እንደ ተራራ ሹል ሆኖ ይነሳል። ግራና ቀኙ ሁለት ጫፎች አሉት። ብዙዎቹ ምንም ያልተቀረጸባቸው ናቸው። በተዋቡት ላይ ግን አንዱ ጫፍ የሰው ወይም የእንስሳ ፊት፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ እንደ እንቁራሪት የታጠፉ እግሮች ይሆናል። በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ አሉ፤ በሁለት እጅ የሚያዙም አሉ።

ለምን ነበሩ? ኮሎምበስ ይነግረናል። አብዛኞቹ ካሲኬዎች ሦስት ሦስት ድንጋዮች አሏቸው ይላል፤ እነሱም ሕዝባቸውም በጣም ያከብሯቸዋል። አንዱ ለተዘራው እህል ነው። አንዱ ሴቶች ያለ ሥቃይ እንዲወልዱ ነው። ሦስተኛው ለዝናብና ለፀሐይ ነው፣ እንደሚያስፈልጋቸው። በቃ። እህል፣ ወሊድ፣ ዝናብ። ገበሬ ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ዝናቡ ፓኔም የጻፈው አለ። ኢግዋናቦይና የሚባል ዋሻ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የድንጋይ ሴሚዎች ነበሩ፤ ቁመታቸው የክንድ እኩሌታ ያህል፣ እጆቻቸው የታሰሩ፣ ላብ የሚያልባቸው የሚመስሉ። ስማቸው ቦይናዬልና ማሮሁ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሰዎች ወደ ዋሻው ሄደው ይጎበኟቸዋል፤ ወዲያው ይዘንባል ይባላል። እርጥበት ባለበት ዋሻ ያለ ቀዝቃዛ ድንጋይ ውሃ እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው «ላቡ» ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ለእነሱ ግን ያ ላብ ሰማዩ ደርቆ ሳለ ውሃ አሁንም በምድር ሆድ ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ምልክት ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ባለ ሦስት ጫፉ ድንጋይ ቅርጹ የምን ምሳሌ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። የተራራ ነው የሚሉ አሉ። የቀንድ አውጣ ጫፍ ነው የሚሉ አሉ። ከአፈር ሊወጣ የሚገፋ የካሳቫ ቡቃያ ነው የሚሉም አሉ፤ እነዚህኞቹ የዩካሁን ስም ራሱን ከዩካ፣ ከካሳቫ ጋር ያያይዙታል። እኔ ወደ መጨረሻው አደላለሁ፣ ምክንያቴም የሚከተለው ታሪክ ነው። እባካችሁ ይህችን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ፓኔ ግዋሪዮኔክስ በሚባል ካሲኬ ግዛት ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። ሲሄድ የክርስትና ሥዕሎችን በአንዲት የጸሎት ቤት ትቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በግዋሪዮኔክስ ትእዛዝ የመጡ ሰዎች ሥዕሎቹን በኃይል ወሰዱ። ወስደው እርሻ ላይ ጣሏቸው፣ አፈር አለበሷቸው፣ ሸኑባቸው። «አሁን ፍሬህ ጥሩና ትልቅ ይሆናል» አሉ። ፓኔ ይህን የጻፈው ስድብና መዳፈር አድርጎ ነው። የኮሎምበስ ወንድም ባርቶሎሜ ሰዎቹን ለፍርድ አቀረባቸው፤ በአደባባይ በእሳት አቃጠላቸው።

እስቲ ቃላቸውን መልሳችሁ ስሙት። ሰውን የሚሳደብ ሰው «ፍሬህ ትልቅ ይሁን» ይላል? ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚረዱት እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ የአዲሶቹን እንግዶች ሴሚ ወስደው፣ በራሳቸው ሴሚ እንደሚያደርጉት፣ አዝመራው እንዲያምር እርሻ ውስጥ ቀበሩት። ኃይለኛ ነገር መስሏቸው ነው። ያደረጉት የሚያውቁትን የአክብሮት ሥርዓት ነበር። በዚያ ምክንያት በእሳት ሞቱ። «ጣዖት አምላኪ» የሚለው ቃል ቀላል ስድብ የማይመስለኝ ለዚህ ነው። ያ ቃል አንድ ጊዜ ሰው አቃጥሏል። ድንጋዩን ከእርሻው ነጥለን፣ እርሻውን ከሰዎቹ ነጥለን ካነበብን ባርቶሎሜ የተሳሳተውን ስህተት እንደግማለን።

ግዋሪዮኔክስ ራሱ ኋላ ተያዘ፣ ታሰረ፣ በ1502 ወደ ስፔን በሚሄድ መርከብ ላይ ተጫነ። መርከቦቹ እንደተነሱ ከባድ ማዕበል ደረሰባቸው፤ አብዛኞቹ ሰመጡ፣ እሱም አብሮ ሰጠመ። ታይኖዎች ነፋስና ውሃ የምታስነሳ ግዋባንሴክስ የምትባል ሴት ሴሚ ነበረቻቸው። ፓኔ እንደጻፈው ምስሏ ከድንጋይ የተሠራ ነው። ከእሷ ጋር ሁለት አሉ፤ አንዱ አዋጅ ነጋሪ ነው፣ ሌላው ውሃውን በተራሮች መካከል ሰብስቦ ይለቀዋል። ይህም የካሪቢያን ወጀብ በትክክል የሚያደርገው ነገር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «ካሲኬዎች ሕዝቡን በሚናገር ጣዖት ያታልሉ ነበር» የሚለው ነው። ይህ ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም፤ ጸሐፊው የያዙት ነገር አለ። በኮሎምበስ ዘገባ ውስጥ ስፔኖች በድንገት አንድ ቤት ሲገቡ ሴሚው ጮኾ ተናገረ። ሲያዩት ውስጡ ክፍት ነው፤ ከታች ቱቦ ገብቶለታል፣ ቱቦው በቅጠል ወደተሸፈነ ጨለማ ጥግ ይሄዳል፣ እዚያ ሰው ተደብቆ ካሲኬው የፈለገውን ይናገራል። ካሲኬውም «ለሕዝቤ እንዳትነግሩብኝ፣ በዚህ ነው የሚታዘዙልኝ» ብሎ ለመናቸው ይላል ዘገባው።

እሺ። ይህ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሥልጣንና ሃይማኖት ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል። ግን ሦስት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ታሪኩ ስለ አንድ ሴሚ ነው፤ ባለ ሦስት ጫፍ ድንጋዮቹ ድፍን ናቸው፣ ቱቦ የሚገባበት ክፍተት የላቸውም። ሁለተኛ፣ የሦስቱ ድንጋዮች ነገር፣ ማለትም የእህሉ፣ የወሊዱና የዝናቡ፣ የተጻፈው ከዚሁ ዘገባ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ቱቦውን ወስደው ድንጋዮቹን ተዉ። ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው ደግሞ፣ እዚያው ላይ ታይኖዎች ስፔኖች ሊመጡ ነው ሲባል ሴሚዎቻቸውን እንዳይወሰዱባቸው ወደ ጫካ ወስደው ይደብቁ እንደነበር ተጽፏል። አንዱ ካሲኬም የሌላውን ሴሚ ይሰርቅ ነበር። ማጭበርበሪያ እንደሆነ የሚያውቀውን ነገር ማን በጫካ ይደብቃል? የጎረቤቱን ማጭበርበሪያስ ማን በአደጋ ውስጥ ገብቶ ይሰርቃል? ካሲኬዎቹ ራሳቸው ያምኑ ነበር። ያውም አጥብቀው።

ሦስተኛ፣ ኮሆባ። ጸሐፊው «በዱቄት የሚሰክሩበት ድግስ» ይሉታል። ኮሆባ የሚዘጋጀው ከአንድ ዛፍ ፍሬ ነው። ፍሬው ይፈጫል፣ እንደ ሱረት በአፍንጫ ይሳባል፣ ሰውየው የተለመደው ዓለም ተገልብጦ ያያል። ይህ እውነት ነው። ድግስ ግን አልነበረም። የሚወስደው ሰው አስቀድሞ ይጾማል። ከዚያ ከአጥንት ወይም ከእንጨት በተቀረጸ ቀጭን ነገር ጉሮሮውን ነክቶ ያስታውካል፤ በሴሚው ፊት ሆዱ ንጹሕ መሆን ስላለበት። ካሲኬው ዱሆ በሚባል ዝቅተኛ የተቀረጸ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የተቀረጹት ድንጋዮችም እዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ የሰው ወይም የእንስሳ መልክ ያላቸው ውብ የድንጋይ ዘነዘናዎች ተገኝተዋል፣ ለዚህ ለመሰለ ቅዱስ ነገር መውቀጫ እንደነበሩ ይታመናል።

ላስ ካሳስ የሚባለው ቄስ ሥርዓቱን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። መጀመሪያ አለቃው ይወስዳል፣ ሌላው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። አለቃው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ክንዶቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰማይ አንስቶ ይናገራል። ሲጨርስ ሁሉም ድምፃቸውን አንስተው ይመልሳሉ፤ ላስ ካሳስ ይህን እኛ አሜን እንደምንለው ነው ይላል። ከዚያ አለቃው ሴሚው የነገረውን ይነግራቸዋል። ጦርነት ይመጣል ወይ፣ አዝመራው እንዴት ነው፣ በሽታ አለ ወይ። ይህን ድግስ ማለት ይከብደኛል። ፓኔ የጻፈው አንድ ትንቢትም አለ፤ አንድ ካሲኬ ጾሞ ከዩካሁ ሰማሁት ያለው ነገር «ልብስ የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ፣ ይገዟችኋል፣ ይገድሏችኋል፣ በረሃብም ታልቃላችሁ» የሚል ነበር። መጀመሪያ ጎረቤቶቻቸውን ካሪቦችን መሰሏቸው። ኋላ ኮሎምበስና ሰዎቹ እንደሆኑ አመኑ።

አራተኛው ነጥብ የፒራሚዱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን አዝኛለሁ። ባለ ሦስት ጫፉ ድንጋይ በምንም መልኩ ፒራሚድ አይመስልም፤ አራት ማዕዘን መሠረት የለውም፣ አራት ፊትም የለውም። ደግሞ ታሪኩ እዚያው ደሴቶቹ ላይ ደረጃ በደረጃ ይታያል። ከደቡብ አሜሪካ፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ የሸክላ ሠሪዎችና የካሳቫ ተካዮች ቅድመ አያቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ወደ ደሴቶቹ መጡ። መጀመሪያ ላይ ድንጋዮቹ ትንንሽና ያልተቀረጹ ናቸው፤ ከቀንድ አውጣ ቅርፊትና ከዛጎል ድንጋይ የተሠሩም አሉ። በዘመናት ውስጥ እያደጉ፣ እየተዋቡ ሄደው ፖርቶ ሪኮና የዶሚኒካን ምሥራቅ ላይ ትልልቆቹና በጣም የሚያምሩት ወጡ። ከውጭ የመጣ ጥበብ እንዲህ ከጨቅላነት ጀምሮ አያድግም።

«ያለ ብረት መሣሪያ ይህን መቅረጽ አይቻልም» ለሚለው መልሱ ትዕግሥት ነው። በጠንካራ ድንጋይ ቀስ እያሉ ይነቁሩታል፣ በአሸዋና በውሃ ይፈትጉታል፣ ይለሰልሳል። ደግሞ እኛ ይህን መሳት አልነበረብንም። ላሊበላን ከአውሮፓ የመጡ ባላባቶች ሠሩት የሚሉ ሰዎች ሲነሱ ምን ያህል እንደምንቆጣ አውቃለሁ። የራሳችንን ጠራቢዎች ክብር የምናስከብር ሰዎች የፖርቶ ሪኮን ጠራቢዎች ክብር ለሌላ አንስጥ።

አምስተኛው፣ «የባሪያ ቀንበር» የተባሉት የድንጋይ ቀለበቶች። እነዚህ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ፣ ሞላላ ቅርጽ ያላቸው ትልልቅ ቀለበቶች ናቸው። ቀጫጭኖች አሉ፣ ወፋፍራሞችም አሉ። በብዛት የተገኙት ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ነው። በሰው አንገት ላይ ይንጠለጠሉ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሥራቸውን ያየ ሰው ደግሞ የባሪያ ማሰሪያ እንዲህ አይጌጥም ይላል፤ ጎናቸው ላይ በጥንቃቄ የተቀረጸ ጌጥ አለ፣ አንዳንዶቹም ተጎንብሶ ጫፍና ጫፉ የታሰረ የዛፍ ቅርንጫፍ በድንጋይ የተቀዳ ይመስላሉ።

ጎርደን ኤክሆልም የሚባል አርኪዮሎጂስት በ1961 የኳስ ጨዋታ መታጠቂያ ናቸው የሚለውን ሐሳብ አጠናክሮ አቀረበ። ታይኖዎች ባቴይ በሚባል አደባባይ የጎማ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ በእጅ መንካት የለም፣ በዳሌ፣ በትከሻ፣ በጉልበት ነው። ፖርቶ ሪኮ፣ ኡቱዋዶ ውስጥ ካግዋና የሚባለውን ስፍራ ብታዩ አደባባዮቹ ዙሪያ ድንጋይ ተተክሎ፣ አንዳንዱ ላይ ምስል ተቀርጾ ታያላችሁ፤ እግሮቿን እንደ እንቁራሪት ያጠፈች አንዲት ሴት አለች፣ ብዙ ሰው ከአታቤይ ጋር ያያይዛታል። ፖንሴ አጠገብ ያለው ቲቤስ ደግሞ በ1975 ሃሪኬን ኤሎይዝ አፈሩን ጠርጎ ነው የተገለጠው። እርግጥ ወፍራሞቹ ቀለበቶች ለጨዋታ በጣም ይከብዳሉ። ስለዚህ ቀላሉን ከእንጨት ወይም ከጥጥ ሠርተው ይጫወቱ ነበር፣ የድንጋዩ ግን ለክብርና ለሥርዓት ነበር የሚለው ይበልጥ ያሳምነኛል። ባለ ሦስት ጫፉ ድንጋይ ከቀለበቱ ጋር ይታሰር ነበር ብለው የጻፉም አሉ። ክርክሩ አላለቀም። ቀንበር ነው የሚለው ግን ክርክሩ ውስጥ የለበትም።

የመጨረሻው ነጥብ «ሕዝቡ ጨርሶ ስለጠፋ ባለቤት የላቸውም» ይላል። በታይኖዎች ላይ የደረሰውን ማሳነስ አልፈልግም። በወርቅ ቁፋሮ፣ በግዳጅ ሥራ፣ በረሃብ፣ በ1518 በገባው ፈንጣጣ የደረሰው እልቂት በቃል አይገለጽም። ግን «ጨርሶ» የሚለው ስህተት ነው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በእናት በኩል የሚወረሰው ዘረመል ሲመረመር 61 በመቶ ገደማው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሆኖ ተገኝቷል። በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ባሃማስ ውስጥ፣ ኤሉቴራ ደሴት ላይ ከተገኘ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ካለው ጥርስ ሙሉ ዘረመል አንብቦ፣ የዛሬ ፖርቶ ሪኮዎች የዚያ ሕዝብ ዘመዶች መሆናቸውን አሳይቷል። ዛሬ «እኛ ታይኖ ነን» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን ያስጠራሉ፣ ሥርዓታቸውን ለማንሳት ይደክማሉ። በቁም ያለ ሰው ስለ ራሱ «ጠፍተሃል» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እንገምት።

እኛ ጋም ደርሰዋል። «ሃሪኬን» የምንለው ቃል ከእነሱ ነው። ትምባሆም በብዙዎች ዘንድ ከእነሱ የመጣ ስም እንደሆነ ይነገራል። በወላይታና በጋሞ የሚበላው ካሳቫ ደግሞ ዩካሁ የሚጠብቀው ያው ተክል ነው፤ መራራው ዓይነት መርዝ እንዳለው አውቀው፣ ፈግፍገው፣ ጨምቀው፣ በሸክላ ምጣድ ላይ እንደ ቂጣ የሚጋግሩት ታይኖዎች ነበሩ። ድንጋዩ እርሻ ውስጥ የሚቀበረው ለዚህ ሥር ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ጽሑፉ አናት ላይ የተለጠፈው ፎቶ የታይኖ አይደለም። ያ ረጅም ፊት ያለው ግዙፍ ሐውልት ከራፓ ኑዊ ነው፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ያለ የቺሊ ደሴት ነው፣ ከካሪቢያን በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሠሪዎቹም ፖሊኔዥያውያን ናቸው። ጸሐፊው ጽሑፉን የሚያስተካክሉ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ፎቶ ቢያነሱት ደስ ይለኛል። በምትኩ ከፖርቶ ሪኮ ወይም ከዶሚኒካን የተገኘ፣ በአንድ ጫፉ ፊት፣ በሌላው የታጠፉ እግሮች ያሉት፣ ጀርባው እንደ ተራራ የሾለ አንድ ትንሽ ድንጋይ ያስቀምጡ። ከሥሩም ለእህል፣ ለወሊድ፣ ለዝናብ ይባል እንደነበር ይጻፉበት።